“ስልክህን ክፈት” ቢሉኝስ?

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር፣ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ለፋሲካ አዲስ አበባ ሄጄ ከአምስት ሳምንት በኋላ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ዜግነት ወስዳለች። የእህቴ ልጅ ደግሞ በተማሪ ቪዛ አብሮን ይመጣል። ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ ክርክር ተነሣ። ባለቤቴ “ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ስልክ መንካት አይችሉም፤ ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል” አለች። ወንድሟ “አልከፍትም ያለ ባለ ግሪን ካርድ በመጣበት አውሮፕላን ይመለሳል” አለ። እኔ ደግሞ መንግሥት እንደሆነ ሁሉንም ያያል፣ የምደብቀውም የለኝም፣ ቢጠይቁኝ ሰጥቼ ቶሎ ቤቴ ብገባ ይሻላል ባይ ነኝ። ማንኛችን ነን ትክክል? ምን አድርጌስ ልሂድ?

መልስ፦ ይድረስ ለእድሩ ጸሐፊ፣

ሦስታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። ከባለቤትዎ እንጀምር። (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እሳቸው ያሉት ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ውጭ ልክ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ዳኞቹ በሙሉ ተስማምተው፣ ፖሊስ በቁጥጥር ሥር ያዋለውን ሰው ስልክ እንኳ ለመበርበር የዳኛ ማዘዣ ያስፈልገዋል ብሏል። ድንበር ላይ ግን ሌላ ነው። ጉምሩክ ሻንጣ የሚፈትሸው ያለ ማዘዣ ነው፤ አገሪቱ ከተመሠረተች ጀምሮ እንዲህ ሲሠራ ኖሯል። መንግሥትም ስልክን እንደ ሌላ ሻንጣ ቆጥሮታል። ደለስ ቨርጂኒያ ውስጥ ቢሆንም፣ ከውጭ አገር ለመጣ መንገደኛ በሕግ ዓይን ድንበር ነው።

የጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በጥር 2018 ያወጣው መመሪያ ፍተሻውን ሁለት ቦታ ይከፍለዋል። በመጀመሪያው መኮንኑ ስልኩን በእጁ ይዞ ፎቶውንና መልእክቱን እያገላበጠ ያያል፤ ለዚህ ምንም ጥርጣሬ አያስፈልገውም። በሁለተኛው ስልኩ ከመሣሪያ ጋር ተገናኝቶ ውስጡ ያለው ይቀዳል፣ ይመረመራል። ለዚህኛው ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ወይም የብሔራዊ ደኅንነት ሥጋት፣ በዚያ ላይም የበላይ ኃላፊ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድን የሚሸፍነው አራተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በዚያው ዓመት፣ እንዲህ ያለው ጥልቅ ምርመራ በዚያ ተጓዥ ላይ የተነሣ የተለየ ጥርጣሬ ሊኖረው ይገባል ሲል ወስኗል። ጉዳዩ ራሱ ከደለስ የመጣ ነው፤ ሻንጣው ውስጥ የጦር መሣሪያ ክፍሎች የተገኙበት መንገደኛ ነበር። አትላንታን የሚሸፍነው አሥራ አንደኛው ወረዳ ግን በዚያው በ2018 ጥርጣሬ አያስፈልግም አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሁለቱም ከተሞች ይበርራል። ትኬት ሲቆርጡ መብትም አብረው እየመረጡ ነው ማለት ነው፤ ያልተለመደ አገር ነው።

መመሪያው ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጠቅምዎት ግን አንድ ሌላ ነጥብ ነው። መኮንኑ ማየት የሚችለው ስልኩ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ስልኩ ላይ ሳይኖር በኢንተርኔት በኩል ብቻ የሚገኘውን፣ ማለትም ክላውድ ላይ የተቀመጠውን፣ እንዲከፍት አልተፈቀደለትም። ስለዚህ ፍተሻው ከመጀመሩ በፊት ስልኩ ኤርፕሌን ሞድ ላይ መሆን ወይም በሌላ መንገድ ከኔትወርክ መቋረጥ አለበት። ኋላ የምንመክርዎ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

ወደ ወንድምየው እንምጣ። እሳቸው ያሉት ለእህትዎ ልጅ ሊደርስ ይችላል። እርስዎን ግን አይገልጽም። ሕጉ ባለ ግሪን ካርድን ከ180 ቀን በላይ ሳያቋርጥ ውጭ ካልቆየ በስተቀር፣ እንደ አዲስ ለመግባት የሚለምን ሰው አድርጎ አያየውም። አምስት ሳምንት ከዚያ በታች ነው። የወንጀል መዝገብ ካለብዎ ግን፣ የቆየም ቢሆን፣ ይህ ጥበቃ ላይሠራልዎ ስለሚችል ትኬት ሳይቆርጡ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግሩ። የሚስጥር ቁጥር አልሰጥም ስላሉ ብቻ መኮንኑ ግሪን ካርድዎን ሊሰርዝ አይችልም፤ ይህን የሚወስነው የኢሚግሬሽን ዳኛ ነው። አደጋው ያለው ቅጽ አይ-407 የሚባል ወረቀት ላይ ነው። “መኖሪያ ፈቃዴን በፈቃዴ ትቻለሁ” ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ በርረው፣ ደክመው፣ ቶሎ ልሂድ ብለው ይህን ከፈረሙ የኋላ ኋላ ማስተካከሉ እጅግ ከባድ ነው። ያልገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ፤ “ዳኛ ፊት መቅረብ እፈልጋለሁ” ይበሉ።

እምቢ ካሉ የሚደርሰው ሌላ ነው። ሰዓታት ይቀመጣሉ፤ ስልኩንም ሊወስዱት ይችላሉ። ይህ በዜጋዋ ባለቤትዎም ላይ ይደርሳል፤ እሳቸውን አገር እንዳይገቡ መከልከል ባይችሉም ስልካቸውን ግን ማስቀረት ይችላሉ። መመሪያው ስልክ የሚያዝበትን ጊዜ በመደበኛው 5 ቀን ይላል፤ ነገር ግን ኃላፊ እየፈቀደ ሊራዘም ይችላል፤ ሳምንታት የፈጀባቸውም አሉ። ስልኩ ሲወሰድ ቅጽ 6051-ዲ የሚባል ደረሰኝ ይሰጣል። ሳይቀበሉ አይውጡ።

የእህትዎ ልጅ ከሁላችሁም ቀጭን ገመድ ላይ ነው ያለው። ቪዛ በር ድረስ ያደርሳል እንጂ መግባትን አያረጋግጥም፤ ስልክ አልከፍትም ማለቱም ለመመለስ ምክንያት ሊሆንበት ይችላል። ከ2019 ጀምሮ የቪዛ ማመልከቻ ያለፉትን 5 ዓመታት የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞች ይጠይቃል፤ ከሰኔ 2025 ወዲህ ደግሞ የተማሪ ቪዛ አመልካቾች አካውንታቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ታዘዋል። ልጆቹን የሚጥላቸው ብዙ ጊዜ የጻፉት ነገር ሳይሆን አለመግጠሙ ነው፤ ቅጹ ላይ አንድ የቲክቶክ ስም ሞልቶ ስልኩ ላይ ሦስት ሲገኝ ነገሩ “ዋሽቷል” ወደሚለው ይሄዳል። ያስገባውን ማመልከቻ ቅጂ አውጥቶ ከስልኩ ጋር ቁጭ ብሎ ያስተያየው። የትምህርት ቤቱን አይ-20 ቅጽ፣ የተማሪ ጉዳይ ቢሮውንና የእርስዎን ስልክ ቁጥር በወረቀት በእጅ ሻንጣው ይያዝ። ስልኩ ከተወሰደ ስልኩ ውስጥ ያለ ፒዲኤፍ አይረዳውም።

አሁን ወደ እርስዎ፣ ወደ “የምደብቀው የለኝም”።

የእድር ጸሐፊ ስልክ ውስጥ ምን እንዳለ እናስብ። የአባላት ሙሉ ስምና አድራሻ ያለበት ኤክሴል። ለማን ሐዘን ስንት ዶላር እንደተዋጣና ማን እንዳልከፈለ። የማን ባለቤት ምን ሕመም ይዟት የትኛው ሆስፒታል እንደተኛች። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ “እገሌ እኮ ወረቀቱ ገና ነው፣ በስሙ ቼክ አትጻፉለት” የሚል የ40 ሰከንድ የድምፅ መልእክት፣ ከሁለት ዓመት በፊት የተላከ፣ እርስዎም የረሱት። ያን ስልክ ከፍተው ሲያቀብሉ የሚሰጡት የራስዎን ምስጢር አይደለም፤ ያ ሰውዬ አልተጠየቀም። የሚፈትሸው መሥሪያ ቤት ደግሞ ከኢሚግሬሽን ጋር በአንድ ሚኒስቴር ሥር ያለ ነው።

“መንግሥት እንደሆነ ሁሉንም ያያል” የሚለው ደግሞ ያዋቂ ንግግር ይመስላል እንጂ ሰውን እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ከማድረግ በቀር አይጠቅምም። በ2013 የተጋለጠው፣ መንግሥት ያካሂደው የነበረው የስልክ ጥሪ መዝገብ የጅምላ ክምችት በ2015 በወጣ ሕግ ቆሟል። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስልክዎ የት የት እንደዋለ የሚያሳየውን የቀናት መዝገብ ፖሊስ ከስልክ ኩባንያ ለመውሰድ ማዘዣ ያስፈልገዋል ብሏል። ክፍተት የለም ማለታችን አይደለም። አንቀጽ 702 የሚባለው የስለላ ሕግ ዒላማው ውጭ አገር ያሉ አሜሪካዊ ያልሆኑ ሰዎች ሲሆኑ፣ አዲስ አበባ ያለው ሰው ዒላማ ከሆነ ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወለለትም አብሮ ይገባል። መተግበሪያዎች ያለንበትን ቦታ ለነጋዴ ይሸጣሉ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ማዘዣ ሳያወጡ ገዝተው ተገኝተዋል። ለዚህኛው መድኃኒቱ ሁለት ደቂቃ ነው፦ በአንድሮይድ ሴቲንግስ፣ ፕራይቨሲ፣ አድስ ገብተው የማስታወቂያ መለያውን (ስልክዎን ለማስታወቂያ ነጋዴ የሚለይ ቁጥር) ማጥፋት፤ በአይፎን ሴቲንግስ፣ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ትራኪንግ ገብተው መተግበሪያዎች ለመከታተል ፈቃድ እንዳይጠይቁ መዝጋት። ችቦና የቀን መቁጠሪያ የመሳሰሉት ደግሞ ያሉበትን ቦታ ማወቅ ምን ይሠራላቸዋል? ይከልክሏቸው።

የሚያየው የአንድ አገር መንግሥት ብቻም አይደለም። እዚያው እናንተ ሰፈር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያ አሜሪካዊ፣ በኢሜይል በደረሰው ሰነድ ተደብቆ የገባ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን ለወራት ሲቀዳ እንደነበር ገልጾ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት በተለዋጭ ስም ከሶ ነበር። የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2017 ክሱን ዘጋው፤ ምክንያቱ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም፣ ስለዚህ የውጭ መንግሥትን እዚህ መክሰስ አይቻልም የሚል ነው። ፍርድ ቤት የማይደርስበት ቦታ አለ ማለት ነው። እዚያ ላይ ያለው መከላከያ ያልጠበቁትን ሰነድ አለመክፈትና ስልኩን አፕዴት ማድረግ ነው።

ለመንገዱ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሻላል። በእኛ አስተያየት ዋናው ጥያቄ “ልክፈት ወይስ አልክፈት” አይደለም። ደለስ ሲደርሱ ስልኩ ላይ የሌሎች ሰዎች ነገር ከሌለ መክፈቱም አለመክፈቱም ቀላል ይሆናል። በቂ ጊዜ ስጡት፤ ሥራው ከመሄድዎ ከአንድ ሳምንት በፊት፣ እዚሁ ቤትዎ ዋይፋይ ላይ ይጀመር። ብዙዎች አዲስ አበባ በመጨረሻዋ ሌሊት ሻንጣ እየመዘኑ 30 ጊጋባይት ባክአፕ ይጀምራሉ፤ አይጨርስም። ኔትወርኩም አይታመንም፤ በ2023 ከየካቲት ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ቴሌግራምና ዩቲዩብ ኢትዮጵያ ውስጥ ታግደው ነበር።

አሮጌ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ካለዎት ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው። ፋክተሪ ሪሴት አድርገው፣ አፕዴት መቀበሉን አረጋግጠው (አፕዴት ያቆመ ስልክ አይሆንም)፣ ለጉዞው የሚያስፈልጉትን ቁጥሮች ብቻ ያስገቡ። ሲምዎ ኢሲም ከሆነ እንደ ፕላስቲኩ ነቅለው አይሰኩትምና ማዛወሩን ከኩባንያው ጋር ቀድመው ይጨርሱ።

በዚያው ስልክ የሚሄዱ ከሆነ ግን ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው። አይክላውድ ፎቶ ተከፍቶ ሳለ ፎቶ ከስልኩ ቢያጠፉ ከክላውዱም ይጠፋል፤ የልጅዎን ክርስትና ፎቶ በጥንቃቄ ስም እንዳያጠፉት መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ይገልብጡ። ጉግል ፎቶስ ግን “ፍሪ አፕ ስፔስ” የሚል ምርጫ አለው፤ ባክአፕ የሆነውን ከስልኩ ብቻ ያነሣል። ያጠፉት ፎቶ ወዲያው አይጠፋም፤ አይፎን ላይ “ሪሰንትሊ ዲሊትድ” ውስጥ 30 ቀን ያህል ይቆያል፤ ፈታሹ መጀመሪያ ከሚከፍታቸው አንዱ እሱ ነውና እዚያም ገብተው ያጥፉ።

ዋትስአፕ መልእክቱን የሚያስቀምጠው ስልኩ ላይ ነው። ሴቲንግስ፣ ቻትስ፣ ቻት ባክአፕ ገብተው የተመሰጠረውን ባክአፕ ያብሩ፤ የይለፍ ቃል ወይም 64 አኃዝ ያለው ቁልፍ ይሰጥዎታል። ይህን ወረቀት ላይ ጽፈው ቤት ይተዉት፤ ከጠፋ ኩባንያውም ሊከፍትልዎ አይችልም። ባክአፑ ማለቁን ካዩ በኋላ መተግበሪያውን ያጥፉና ቤት ሲገቡ መልሰው ይጫኑ። ቴሌግራም ይቀላል፤ መልእክቱ ክላውድ ላይ ስለሆነ ሎግ አውት ማድረግ ይበቃል። ሁለት ነገር ብቻ፦ “ሲክሬት ቻት” የሚባሉት ሎግ አውት ሲያደርጉ ለዘለዓለም ይጠፋሉ፤ የሁለተኛ ደረጃ የይለፍ ቃል አብርተው ከሆነ ደግሞ ሳያስታውሱት አይውጡ። ኢሜይሉንም እንዲሁ ከስልኩ ያንሡ። ቦሌ ቦርዲንግ ከመጀመሩ በፊት እነዚህ ሁሉ ያለቁ ይሁኑ።

ባዶ ስልክም ጥያቄ ያስነሣል፤ የቤተሰብ ፎቶ፣ የባንክ መተግበሪያና የአየር መንገዱ ትኬት ይኑርበት። ቢጠይቁዎት እውነቱን ይናገሩ፦ “ለጉዞ ብዬ የማያስፈልገኝን ቤት ትቻለሁ” ማለት ሕጋዊ ነው፤ ለፌዴራል መኮንን መዋሸት ግን ወንጀል ነው። ፍተሻ ከተጀመረ በኋላ፣ ወረፋ ላይ ቆመው ሳይቀር፣ አንዲት መልእክት እንኳ አያጥፉ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ ስልክ ሳይሆን ማስረጃ ስለ ማጥፋት ይሆናል።

የሚስጥር ቁጥሩ አራት አኃዝ ከሆነ ያሉት ምርጫዎች 10,000 ብቻ ናቸው፤ ለስልክ መክፈቻ መሣሪያ ይህ ምንም አይደለም። ስድስት አኃዝ 1,000,000 ያደርሰዋል፤ ፊደል የተቀላቀለበት ከሁሉም ይሻላል። የልደት ዓመት አይሁን። አውሮፕላኑ ሲያርፍ፣ በር ሳይከፈት፣ ስልኩን ጨርሶ ያጥፉት። መቆለፍና ማጥፋት አንድ አይደሉም፦ የተቆለፈ ስልክ የመክፈቻ ቁልፎቹን ሜሞሪው ላይ እንደያዘ ስለሚቆይ መሣሪያዎቹ ቀዳዳ ያገኙበታል፤ ጠፍቶ የበራ ስልክ ግን ቁጥሩ እስኪገባ ድረስ አብዛኛው ውስጡ እንደተመሰጠረ ነው። ፊትና አሻራም ቁጥሩ አንድ ጊዜ እስኪገባ አይሠሩም። ይህ ሁለተኛ ጥቅም አለው፤ ፍርድ ቤቶች ሰውን በአሻራው ስልክ ማስከፈት ይቻላል ወይስ አይቻልም በሚለው እስካሁን አልተስማሙምና።

መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ፎቶ ያነሡዎታል። ባለቤትዎ ዜጋ ስለሆኑ “ፓስፖርቴን በእጅ አመሳክሩልኝ” ማለት ይችላሉ፤ የእሳቸው ፎቶ ከ12 ሰዓት በላይ እንደማይቆይ መሥሪያ ቤቱ ይናገራል። የእርስዎና የልጁ ግን እስከ 75 ዓመት የሚቀመጥ ነው፤ እዚያ ላይ ምርጫ የላችሁም፣ አትከራከሩ።

ወደ ውስጠኛው ክፍል ከተወሰዱ ጠበቃ ይግባልኝ የማለት መብት በመግቢያ ምርመራ ላይ በአብዛኛው የለም። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎ ግን አስተርጓሚ ይጠይቁ። ስልክ ሲጠየቁ “ይህ ትእዛዝ ነው ወይስ ጥያቄ?” ብለው በጨዋ ድምፅ ይጠይቁ። “ትእዛዝ ነው” ካሉና ለመክፈት ከወሰኑ፣ “አልተስማማሁም፤ ስላዘዛችሁኝ ነው” ይበሉ፤ ቁጥሩን ግን አፍ አውጥተው አይናገሩ፣ ወረቀት ላይም አይጻፉ። ራስዎ አስገብተው፣ ኤርፕሌን ሞድ መብራቱን አይተው ያቀብሉ። የመኮንኑን ስም ወይም የደረት ቁጥር፣ የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት ይያዙ። በ2024 በጀት ዓመት እንዲህ የተፈተሹት መሣሪያዎች ከ47,000 ጥቂት የበለጡ ናቸው፤ የገባው መንገደኛ ደግሞ ከ400 ሚሊዮን በላይ ነው። ስለዚህ እንቅልፍ አይጡ፤ ዝግጅቱን ግን አይተዉ።

ስልኩ ከዓይንዎ ተሰውሮ ከነበረ ቤት እንደገቡ የሚስጥር ቁጥሩን፣ ከዚያም ከሌላ መሣሪያ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ይቀይሩ። ቴሌግራም ላይ “ዲቫይስስ”፣ ዋትስአፕ ላይ “ሊንክድ ዲቫይስስ” የሚለውን ከፍተው የማያውቁት ኮምፒውተር ተያይዞ እንደሆነ ይዩ፤ ካለ ያስወጡት።

የአባላቱን ዝርዝር በተመለከተ ደግሞ ከመሄድዎ በፊት ለገንዘብ ያዡ አስረክበው፣ ከራስዎ ስልክ ያጥፉት። በአምስት ሳምንት ውስጥ ሐዘን ቢደርስ ደዋዩ እሳቸው ይሁኑ።